ማጅራቴን የያዘኝ ዓመት

መጀመሪያ የከዱኝ ጣቶቼ ናቸው። በካርቱም የከተማ አውቶቡስ፣ በሓፍላ ውስጥ መውረድ የፈለገ ተሳፋሪ አይጮህም። አውራ ጣቱንና መሃል ጣቱን አጋጭቶ ጧ ያደርጋል፤ ኩምሳሪው፣ ረዳቱ፣ ይሰማና ለሾፌሩ ያስተላልፋል። እዚህ አገር ከገባሁ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶት ነበርና እንደማንኛውም ሰው ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ከሥራ ወደ ሰፈሬ ወደ ሶባ ስመለስ መውረጃዬ ሲደርስ ጣቴን አጋጨሁ፤ ድምፅ አልወጣውም። ደገምኩ። ቅቤ የተቀባ ይመስል አንዱ ጣት በሌላው ላይ ተንሸራተተ። ጮክ ብዬ መጣራት አፈርኩ። ሓፍላው አለፈ። ከሁለት መውረጃ በኋላ ሌላ ሰው ሲወርድ ተከትዬው ወረድኩና በዚያ ፀሐይ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ለልጄ አልነገርኳትም። ማጅራቴን ከያዘኝ ግን ከርሞ ነበር። ጠዋት ስነሳ ዘወር ብዬ በሩን ማየት ያቅተኝና ከነትከሻዬ እዞራለሁ። ትራሱ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ሌሊት የሚነፍስብኝ ማቀዝቀዣ ነው አልኩ። ጣት ሲደነዝዝ ምን እንደምል አላወቅሁም።

ሥራዬ ልብስ መተኮስ ነበር። ካፉሪ በሚባለው ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት የአባወራውን ጀላቢያና ረጅም ጥምጥም፣ የእመቤቲቱን ቶብ እተኩሳለሁ። ቶብ የሱዳን ሴት ከራሷ እስከ እግሯ የምትጠቀለልበት ጨርቅ ነው፤ አራት ሜትር ተኩል ይሆናል። ያን ሁሉ ጨርቅ እጥፋቱ እንዳይዛባ ስተኩስ አንገቴን ደፍቼ እውላለሁ። አገሬ ሳለሁ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ባለቤቴ በፖለቲካ ሲፈለግ በገዳሪፍ በኩል አብሬው ወጣሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የምንይዘው እኔና ልጄ ነን። ስለዚህ የቀኝ እጄ ነገር የጤና ነገር ብቻ አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ካውያው ከእጄ ወደቀ። እጄ ላይ መኖሩን አየው ነበር፤ መልቀቄን ግን አላወቅሁም። የምንጣፉን ጠርዝ ጠበሰው። እመቤቲቱ ሽታው ጠርቷት መጣች፤ ምንጣፉን አየች፤ ፊቴን አየች።

«ማዓሌሽ፣ ያ ኻልታ» አለችኝ። ምንም አይደለም፣ አክስቴ፣ ማለቷ ነው። «ደክሞሻል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደክሞሻል የተባለች ሠራተኛ ብዙ እንደማትቆይ በሌሎች አይቻለሁ።

በዚያው ሳምንት ልጄ የሦስት ወሩን ሁሉ አስወርታኝ ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ወሰደችኝ። ዐረብኛ አላጣሁም፤ የገበያና የሥራ ዐረብኛ ነው፣ ለሕመም አይበቃም። ስለዚህ ልጄ ታስተርጉም ተባለ። እሷ ደግሞ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋን ከእኔና ከአባቷ አፍ ነው የለቀመችው፤ ቃሉን ታውቀዋለች፣ መገጣጠሚያውን አታውቀውም። ሐኪሙ ምኗን ነው ሲል ጠየቀ።

«ማጅራቴን ገትሮ ይዞኛል በይው» አልኳት።

ልጄ ማጅራትንና ገትርን አንድ ላይ የሰማችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በልጅነቷ፣ በክትባት ሰልፍ ላይ። ዘወር ብላ «ሰሓኢ ይዟታል» አለችው። ሰሓኢ የሚሉት ያንኑ የማጅራት ገትር በሽታ ነው።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። ነርሷ አፏን በሻሿ ሸፍና በሩ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች ወደ ውጭ ታስወጣ ጀመር። አንዲት እናት ልጇን ብድግ አድርጋ ሮጠች። እኔ ምን እንደተባለ አልገባኝም፤ ሰው ሁሉ ከእኔ ሲሸሽ ብቻ አየሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሐኪሙ ከሩቅ።

«ከሦስት ወር» አለች ልጄ።

ሐኪሙ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሦስት ወር ሰሓኢ ይዟት በእግሯ መጣች?»

ግንባሬን ዳሰሰ፤ ትኩሳት የለም። አገጬን ወደ ደረቴ አስጠጋው፤ ጎርበጥ አለኝ እንጂ ታጠፈ። ከዚያ ሳቁ መጣበትና ለነርሷ ሰዎቹን አስገቢ አላት። እጄን አይቶ የምሄድበትን ቦታ በወረቀት ጻፈልኝ። መንገድ ላይ ከልጄ ጋር ተጨቃጨቅን።

«እማዬ፣ ገትር ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ!»

«ገትሮ ይዞኛል ነው ያልኩት።»

«ኸላስ፣ ያው ነው።»

«ያው አይደለም። በአንዱ ሰው ይሞታል።»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በዐረብኛ «የተፈጥሮ ሕክምና» ማለት ነበር። ዳማከሴና ጤና አዳም የሚሰጡኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ አንገትሽን በእጃቸው ያዩታል አለችኝ። በእጃቸው የሚለው አስፈራኝ። ሆኖም ብቻዬን ልሄድ ቆረጥኩ። በአፌ ምክንያት ሰው የሚሮጥ ከሆነ፣ የምናገረውን ራሴ ልናገር አልኩ።

ክፍሉ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ከአንድ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ ነበር። የተቀበለችኝ በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ዱክቶራ ይሏታል። ሻሽዋን አጥብቃ ያሰረች፣ እጇ ሞቅ ያለ፣ ንግግሯ ፈጣን ነበረች። አጠገቧ በመጋረጃ የተከለለ ሌላ አልጋ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የሥራ ባልደረባዋ ሌላ በሽተኛ ታያለች።

ከመንካቷ በፊት አስቆመችኝና ከጎን አየችኝ። ጆሮ ከትከሻ በላይ ቀጥ ብሎ መዋል ነበረበት አለች፤ የእኔ ጆሮ ግን ትከሻዬን ስንዝር ያህል ቀድሞታል። ከጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አንገት አነሳች። ሰባት አጥንቶች፣ በየመካከላቸው እንደ ትራስ ያለ ነገር፣ በየጎናቸው ደግሞ ቢጫ ክሮች የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ክሮቹ ነርቮች ናቸው፤ ወደ ክንድና ወደ ጣት ይወርዳሉ። የላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ብቻ የመዞሩን ግማሽ ያህል ይሠራሉ፤ የታችኞቹ ደግሞ ሸክሙን ይይዛሉ።

«ያ ኻልታ፣ ራስ ማለት እንደ አንድ ሐብሐብ ነው» አለችኝ። «ሐብሐብን ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ ብትይዢው ቀላል ነው። ክንድሽን ዘርግተሽ ብትይዢውስ?»

«ይከብዳል።»

«አንቺ ሐብሐቡን ክንድሽን ዘርግተሽ ነው ስትይዢው የኖርሽው።»

እኛ ቤት ሴት ልጅ ስታድግ አንገትሽን ድፊ እየተባለች ነው። አንገቷን የደፋች ማለት ምስጋና ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በገበያ ዐረብኛ ማስረዳት አልችልም ነበር።

በጀርባዬ አስተኛችኝና ራሴን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ራሴ በሌላ ሰው እጅ ውስጥ ከዋለ በስንት ዓመቱ እንደሆነ አላውቅም።

«ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አዞራለሁ፣ ተማም?» አለችኝ። እሺ? ማለቷ ነው።

ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አዎ አልኳት። እጇ ቆመ። ራሴን ወደ መሃል መለሰችው።

«ወደ ግራ፣ ተማም?»

በትንፋሼ አዎ አልኳት። ገና ከመጀመሯ አቆመች።

«ወደ ጎን ላጋድለው ነው፣ ተማም?»

እንደዚያው መለስኩላት፤ እንደዚያው ተወችው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዲሁ ሆነ። በየመሃሉ ብዕሯ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ለምን እንደምታቆም አልጠየቅኋትም። አንድ ነገር እጇ ላይ ተሰምቷት ይሆናል፣ ውስጤ የተሰበረ ነገር አግኝታ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ ባልደረባዋ በዐረብኛ «በሁሉም አቅጣጫ?» ብላ ጠየቀቻት።

ዱክቶራዋ ከራሴ በላይ ሆና ከንፈሯን መጠጠች። ጽ።

«ወደ ቀዶ ሐኪም ትልኪያታለሽ?»

ጽ፣ አለች አሁንም።

ከንፈር የሚመጠጠው ለማን እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለሞተ ሰው ነው፣ ለታመመ ልጅ ነው፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ነው። ዓይኔን አልገለጥኩም። ብገልጠው ፊቷን አያለሁ ብዬ ፈራሁ።

ካነሳችኝ በኋላ ጠንካራ የአንገት ማሰሪያ አሰረችልኝና ለመታጠብ ብቻ እንድፈታው ነገረችኝ። ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ። አንዱ በመሣሪያ የአንገት ምስል እንዲነሱኝ የሚል ነው፣ ሌላው ለቀዶ ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ምስሉን ይዤ በአሥር ቀን እንድመለስ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደግሞ በሁለት ሳምንት እንድቀርብ አዘዘችኝ። የእጅ ጽሑፉን ማንበብ አልቻልኩም። ማታ ልጄ አነበበችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ይላል?»

«በትንሹም ስትንቀሳቀስ በሁሉም አቅጣጫ ከባድ ሕመም አላት ይላል። ዓመሊያ ያስፈልጋት እንደሆነ ይታይ ይላል።»

ዓመሊያ ኦፕሬሽን ነው። ይህን ቃል መተርጎም አላስፈለጋትም።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚያምሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ እንኳ አይደለም» አልኳት። እሷ አላመነችኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩም። የተማረች ሴት በእጇ ዳስሳ የጻፈችውን እኔ ከየት አውቄ እክዳለሁ? ሌሊት ጣሪያውን እያየሁ፣ ሳያመኝ የሚያም ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ አደርኩ።

ሰፈራችን ውስጥ አንገቱን ኦፕሬሽን የሆነ አንድ የአገራችን ሰው ነበር። ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እግሩ አይሄድም፣ ሚስቱ ጠዋት በወንበር በር ላይ ታወጣዋለች። እግሩን ያሳጣው መውደቁ ነው እንጂ ቀዶ ሕክምናው አይደለም ይባላል። እሱም ራሱ እንዲያ ይላል። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት በበሩ ላለማለፍ በሌላ መንገድ እዞር ጀመር። ባየው ሰላም ማለት አለብኝ፤ ሰላም ብለው ማሰሪያዬን አይቶ ይጠይቀኛል።

ሥራ አልቀረሁም። በማሰሪያው ወደ ታች ማየት ስለማይቻል ቶቡን በመዳበስ ነበር የምተኩሰው። ሱቅ ዐረቢ ከሚሉት ገበያ ላይ ሓፍላ ስቀይር እግሬን አላየውምና የሸቀጥ ዘርጊዎቹን ጨርቅ እረግጣለሁ፤ ይጮሁብኛል። እዚያ ሻይ የምትሸጥ አንዲት የአገሬ ልጅ ከበርጩማዋ ሆና ትጠራኛለች።

«እትዬ፣ ዛሬስ ኮርተዋል! ቁልቁል አያዩንም እንዴ?»

«አንገቴን ታስሬ ነው።»

«እንደርስዎ ያለችውን አንገተ ደፋ ማን ደፍሮ አሰረ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅላት ነበር። ሻይውን በግራ እጄ ተቀበልኳት፤ ቀኙን አላመንኩትም።

በአሥረኛው ቀን ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ቀደመችኝ። ደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት።

«ዛሬ እገባለሁ» አለች።

«እንዳትናገሪ።»

«ወላሂ አልናገርም። አፌን እዘጋለሁ። ያላ፣ ውጪ።»

ገብታ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ዱክቶራዋ ምስሉን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት አወጣች። ከዚያ እንደገና ምስሉን አየች።

«አልገጥም አለኝ» አለች። «ምስሉ በዕድሜሽ ያለች ሴት የሚኖራት ነው። በቀኝ በኩል አንዱ ቀዳዳ ጠቦ ነርቩን ተጭኖታል። እሱ ክንድ ያሳምማል፣ ጣት ያደነዝዛል። አንቺ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው የሚያምሽ። ወደ ግራም ያምሻል፣ ወደ ፊትም ያምሻል። ሌላ ያላየነው ነገር እንዳለ ነው የሚያስፈራኝ።»

ማሰሪያውን ፈታች፤ አስተኛችኝ፤ ራሴን ያዘች።

«ወደ ግራ፣ ተማም?»

ትንፋሼን ሳብኩ። አቆመች።

«ይኸውላችሁ» አለች ወደ ልጄ ዞር ብላ። «ገና ሳልነካት።»

ልጄ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ቦርሳዋ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር።

«ዱክቶራ፣ አላመማትም! እሺ ማለቷ ነው!»

«ምን?»

«ሐበሻ እንዲህ ነው እሺ የሚለው። እ!» አለች ልጄ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ። «አንቺ ተማም ስትያት እሷ ተማም ትልሻለች።»

ዱክቶራዋ እጇን ከራሴ ሥር ቀስ አድርጋ አወጣችና የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት አነሳች። በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። «ይህ ሁሉ እሺ ነው?»

«ሁሉም እሺ ነው» አለች ልጄ።

ዱክቶራዋ ከንፈሯን መጠጠች፣ ጽ፤ ሰውነቴ እንደገና ደረቀ። «ለምንድነው የምታዝንልኝ?» አልኩ ለልጄ በአማርኛ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

«ማን አዘነልሽ?»

«ከንፈሯን መጠጠች እኮ። ባለፈውም እንዲሁ ነው ያደረገችው።»

«እማዬ! እሱ የሱዳን አዎ ነው! ሰላሳ ዓመት ምን ስትሰሚ ነበር?»

እውነቷን ነው። ገበያ ውስጥ ዱቄት አለ? ብዬ ስጠይቅ ባለሱቁ በዚያው ድምፅ ነው አለ የሚለኝ፤ ተሳስቼው አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፈርቼ፣ አልጋ ላይ ስሰማው ግን የእናቴ ቤት ድምፅ ሆነብኝ። ልጄ ይህን ለዱክቶራዋ ስትነግራት ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አሥር ቀን ያልተኛሁት በዚህ ነው።

ዱክቶራዋ አዲስ ወረቀት አወጣች። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሲያምሽ ብቻ አይ በይ። ሳያምሽ ዝም በይ።»

ወደ ግራ አዞረችኝ፤ ዝም አልኩ፤ እስከ ጥግ ሄደ። ወደ ቀኝ ከግማሽ በላይ ሄዶ ቆመ፤ ያዝ አደረገኝ እንጂ አላሳመመኝም። አገጬን ወደ ደረቴ አመጣችና የቀረውን ክፍተት በሜትር ለካች። ግራውን፣ ቀኙን፣ ሁሉንም ለክታ ጻፈች። እጇ አሁን አይፈራም። እኔም ማሰብ ጀመርኩ፤ ምንም ካልተገኘ ደብዳቤው ይቀራል።

ከዚያ አስቀመጠችኝ። ከኋላዬ ቆማ ራሴን ወደ ቀኝ ትከሻዬ አጋደለችውና በሁለት መዳፏ ከላይ ወደ ታች ተጫነችው።

ከትከሻዬ ተነስቶ በክንዴ በኩል እስከ አውራ ጣቴና መሃል ጣቴ የጋለ ሽቦ ወረደ። ግድግዳው ላይ አንድ የመብራት ማብሪያ ነበር፤ እሱን አየሁ። አይ አላልኩም። አይ ካልኩ ቀዶ ሕክምናው እንደሚመለስ አውቃለሁ። ለነገሩ ባላውቅም የምል አይመስለኝም።

«ምንም የለም?» አለች ዱክቶራዋ።

ዝም አልኩ። ብዕሯን አነሳች።

«ዱክቶራ» አለች ልጄ። መሳቋን አቁማ ነበር። «አሁን ነው ያመማት።»

«ምንም አላለችም እኮ።»

«ለዚህ ነው። እናቴ ሲያማት ነው ዝም የምትል። አባቴ የሞተ ጊዜም እንዲህ ነበረች፤ ሦስት ቀን ግድግዳ ነው ያየችው።»

ተናደድኩ። «አፌን እዘጋለሁ አላልሽኝም?»

«አልኩሽ። ማዓሌሽ።»

ዱክቶራዋ ዞራ ከፊቴ መጣችና ዝቅ ብላ ተቀመጠች። «ያ ኻልታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ባትነግሪኝ እጅሽ ይሞትብኛል። ወረደ? እስከ የት?»

ዐረብኛ አንቱ የለውም፤ ሆኖም የጠየቀችበት አነጋገር እንደ አንቱ ነበር። በግራ እጄ ከትከሻዬ ጀምሬ መንገዱን አሳየኋት። አውራ ጣቴን ነካሁ፤ መሃል ጣቴን ነካሁ።

«እዚህ ድረስ» አልኳት።

ጻፈች። ቀጥላ አስተኛችኝና አንዱን እጇን ከአገጬ፣ ሌላውን ከማጅራቴ አድርጋ ራሴን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ነቅላ ታወጣዋለች ብዬ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። ያ የጋለ ሽቦ ግን ከጣቴ ጫፍ ወደ ላይ እየሸሸ ሄዶ ክርኔ ላይ ጠፋ። ስትለቀኝ ተመለሰ።

«ቀለለሽ?»

«ቀለለኝ።»

አልጨረሰችም። የመሃል ጣቴን ጥፍር በጥፍሯ ቸብ አደረገችና አውራ ጣቴ ይዘል እንደሆነ ተመለከተች። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታች። በወለሉ ሸክላ መጋጠሚያ መስመር ላይ ተረከዜን ከጣቴ እያስነካሁ እንድሄድ አደረገችኝ። ልጄ እጇን ዘርግታ ከጎኔ ሄደች። የሰፈራችንን ሰው እያሰብኩ ነበር የምሄደው። መስመሩን አልሳትኩም።

«ህብለ ሰረሰሩ ደህና ነው» አለች ዱክቶራዋ በመጨረሻ፤ ግንድና ቅርንጫፍ ስላ አሳየችኝ። «ግንዱ አልተነካም። የተጨነቀው አንድ ቅርንጫፍ ነው። የአንቺን ስህተት ብቻ ይዤ ብልክሽ ኖሮ ሐኪሙ ግንዱ ነው ብሎ ሊቀድሽ ይነሳ ነበር። ዝምታሽንም ይዤ ብሰድሽ ምንም የለብሽም ብዬ ወደ ካውያሽ መልሼሽ ነበር።»

የአንቺን ስህተት ማለቷን ሰምቻለሁ። የሁለታችን ነው አላልኳትም።

ማሰሪያውን አስቀረችልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አልቀደደችውም። ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደውላ ቀኑን ለስድስት ሳምንት አራዘመችው። በስድስት ሳምንት ውስጥ የእጄ ጉልበት ካልተመለሰ መሄዴ አይቀርም። በየሳምንቱ ሁለት ጣቷን በቀኝ እጄ ታስይዘኛለች፤ ጭመቂ ትለኛለች። ቀጥሎ በግራ። ቁጥር የለውም፤ ፊቷ ላይ ነበር የማነበው፤ የሷ ፊት ደግሞ ብዙ አይነበብም። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቷ ከጨበጣዬ እንደ ሳሙና ወጣ። በሁለተኛውም እንደዚያው።

የታዘዝኩትን ሠራሁ። ግድግዳ ተደግፌ አገጬን ወደ ኋላ እስባለሁ፤ ሁለት አገጭ ያወጣችውን ዶሮ ነው የምመስለው፤ ልጄ በስልኳ ልታነሳኝ ስትል አባረርኳት። ካፉሪ ያለውን የመተኮሻ ጠረጴዛ በአራት ጡብ ከፍ አደረግሁት። እመቤቲቱ ጡቡን አየች። ይህን ጊዜ ፈርቼ ሳልጠብቅ ራሴ ነገርኳት፤ አንገቴ ነው፣ ሕክምና ላይ ነኝ፣ እስከ ስድስት ሳምንት ይታወቃል አልኳት።

«ከስድስት ሳምንት በኋላስ?» አለችኝ።

«ያኔ ይታወቃል» አልኳት። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ በሳምንቱ ግን አንዲት ወጣት ልጅ ለሙከራ ብላ አስመጣችና ጀላቢያዎቹን ሰጠቻት። ቶቡን ለኔ ተወችልኝ። እየተኮስኩ በጎን አያት ነበር፤ ፈጣን ናት፤ እጥፋት አታውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ጣቷ በጨበጣዬ ውስጥ ቆየ። በአምስተኛው ምንም አልተጨመረበትም፤ ያን ሌሊት አልተኛሁም። በስድስተኛው ጠዋት ልጄ አብራኝ መጣች። ዱክቶራዋ ሁለት ጣቷን ሰጠችኝ።

«ጭመቂ።»

ጨመቅሁ። ዓይኔን ከማብሪያው አንስቼ እጄን አየሁት።

«ግራውን።»

ጨመቅሁ።

«አሁንም ቀኙን። ከዚህ በላይ ካለሽ አትደብቂኝ።»

የቀረኝን ሰጠኋት። ጣቷን አውጥታ አራገበችው። እኩል አይደለም አለች፤ ግራው ይበልጣል። መሃል ጣቴን በጥጥ ነካችው፤ ጫፉ ላይ አልተሰማኝም፤ አልተሰማኝም አልኳት። አውራ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ከዚያ ራሴን አጋድላ ተጫነችው። የጋለው ሽቦ ክርኔ ላይ ቆመ።

«እዚህ ድረስ» አልኳት፣ ሳልጠየቅ።

ስልኳን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። የምትናገረውን ግማሹን ሰማሁ፤ ግማሹን መንገዱ ላይ የሚጮኸው መኪና ወሰደው። ልጄ እጄን አልያዘችኝም፤ እንደማልወድ ታውቃለች። ዱክቶራዋ ተመልሳ ደብዳቤውን ከፋይሉ አወጣች። ቀኑን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ሌላ ቀን አልጻፈችበትም። መልሳ ፋይሉ ውስጥ አስቀመጠችው።

«አሁን አያስፈልግሽም» አለች። «የጣትሽ ጫፍ ላይመለስ ይችላል። ወደ ታች ከወረደብሽ ግን በማግስቱ ትመጫለሽ። በማግስቱ፣ ያ ኻልታ።»

ስንወርድ ደረጃው ጠባብ ነበርና ልጄ ቀደመችኝ። ቦርሳዬን በቀኝ እጄ ይዤው ነበር። መሃል ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

«አሁን ያምሻል?»

«ትንሽ» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳውን ከቀኝ እጄ ወሰደችና በግራው አስያዘችኝ።